የጳጉሜ ሦስት ፊርማ

ከፋለን ከመልኩ በፊት የማውቀው በፊርማው ነው። ፊርማው የአውራ ዶሮ ጭራ ይመስላል፤ ይነሣል፣ ይቆለመማል፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ ይጥላል። አንዱ ይበቃው ነበር። ቢቸና ፍርድ ቤት ደጃፍ ላስቲክ ወጥሬ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነውና ብዙ ፊርማ አይቻለሁ። በሁለት ነጥብ የሚጨርስ ሰው ትንሽ ያሠጋኛል።

ሕግ የተማርኩት ከስርጉት ቆሎ ነው። ስርጉት ቆሎዋን የምትጠቀልለው ፎቶ ኮፒ ቤቱ በሚሰጣት የተበላሸ ወረቀት ነው፤ ተጣሞ የወጣ፣ የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተቆረጠ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እዚያው ስለሚያባዛ፣ ቆሎ የሚበላ ሰው ጊዜ ካለው የመንግሥትን ሥራ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። እኔ ጊዜ ነበረኝ። ደህና የመሰለኝን ወረቀት ጨዉን አራግፌ ካርቶን ውስጥ አኖራለሁ።

ከነዚህ አንዱ የከፋለ ደብዳቤ ነበር። ቋሚ ዐቃቤ ሕግ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ቢቸናንም ሞጣንም ደርቦ እንዲይዝ በጊዜያዊነት ተወከለ። ደብዳቤው ከመጋቢት 1 ጀምሮ «ለስድስት ወር ብቻ» ይላል፤ «ብቻ» የምትለዋ ተሰምሮባታል። ከሥር ደግሞ ጊዜያዊ ውክልና ከስድስት ወር እንደማያልፍ፣ ሊታደስ የሚችለው አንዴ እንደሆነ፣ ውክልና በሌለበት ቀን የተፈረመ ወረቀት እንዳልተፈረመ እንደሚቆጠር ተጽፏል። አነበብኩት፣ አስቀመጥኩት። ቆሎው ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ አገሬ ልምጣ።

አገሬ ውበቴ የምትባለው ሴት ገበያ ላይ ጤፍ ትሸጣለች። ካቻምና ነሐሴ መጨረሻ ላይ የገበያው ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ እናቷ ከተቀመጠችበት ዘመን ጀምሮ የነሱ የሆነውን ቦታ ልቀቂና ወደ ኋላ ሂጂ አላት። አልሄድም አለች። ሰውየው ቁናዋን ሊያነሣ ሲጎነበስ ገፋ አደረገችው፤ የጎረቤቷ በርበሬ ክምር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ቀን የትም አልተቀመጠም ይባላል። አገሬን የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ አደናቀፈች ብለው አሰሯት። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም እያለ ቀጠሮ ወሰደ፤ የመጨረሻው ቀጠሮ ጳጉሜ 3 ነበር። ክስ በዚያ ቀን ካልቀረበ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ጳጉሜ 2 አባቷ አያ ውበቴ ሞቱ። እናቷ ቀደም ብላ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ጤፍ መንፋትም ሆነ ተቆጣጣሪ መግፋት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ በማግሥቱ በሩፋኤል ሆነ።

በዚያው ጠዋት ከፋለ ክሱን ፈርሞ ችሎት ቀረበ። አገሬ ዋስ አላት፣ ቤት አላት፣ አስከሬን ቤቷ ተኝቷል፤ ሌላው ቢቀር በፖሊስ ታጅቤ አፈር አልብሼው ልመለስ ብላ ለመነች። ዳኛው ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞሩ። ከፋለ ትጠፋለች ብሎ ተቃወመ፤ ቀብሩንም ሲጠይቁት እንዲህ አለ፦

«ሟቹ ያለ እሷም ይቀበራል።»

ትክክል ነበር። ያለ እሷም ተቀበሩ። የሩፋኤል ዝናብ እየዘነበ፣ ሰው ጠበሉ ነው ብሎ ራሱን አውጥቶ እየታጠበ፣ የእድሩ ጥሩምባ በእስር ቤቱ ግድግዳ ሥር አለፈ። አገሬ ከውስጥ ሆና ሰማችው።

አራት ወር ተፈረደባት። በጥር ወጥታ ቤቷ ስትገባ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊያስተዛዝን መጣ። እንባ የለም፣ ድንኳን የለም። «አባቴ ገና አልተቀበረም» ብላ መለሰቻቸው። ሰዎቹ ተያይተው ሄዱ። አንዳንዱ እስር ቤት ጭንቅላቷን ነክቷት ነው አለ። ጭንቅላቷ ግን ከኔም ካንዳንዱም የተሻለ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ክሷን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

«አያ ሣህሉ፣ ይህን ሰው በምን ልያዘው?»

እንዲቀጣ ትፈልጊያለሽ ወይስ እንዲያፍር ብዬ ጠየቅኋት። ሁለቱም ጥቂት እንደሆነባት ከአስተያየቷ ገባኝ።

«አባቴ ለቅሶ ላይ አምጥቼ ላስቀምጠው ነው የምፈልገው» አለች።

እንዲህ ያለ ሕግ ቆሎ ላይም አላጋጠመኝም አልኳት። ከዚያ ክሱን ተቀብዬ ሁለቱን ነጥብ አየሁ፤ ከነጥቦቹ ጎን ቀኑን አየሁ፤ ካርቶኔን አወጣሁ። በጣቴ ቆጠርኩ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ስድስት ሞላ። ማደሻው ደብዳቤም ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ የሚጀምረው ከመስከረም 1 ነው። በመካከል አምስት ቀን ባዶ ሜዳ።

የሆነው ነገር ግልጽ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጳጉሜን አያስባትም፤ ደመወዝ የላትም፣ ሪፖርት የላትም፣ ዓመቱን ጨርሶ ዓመቱን እስኪጀምር የሚያዛጋባት ናት። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲዘል እግሩ ሥር ገደል እንዳለ አላየም። ከፋለም አላየም፤ ገደሉ ላይ ቆሞ ይፈርም ነበር።

ለአገሬ ነገርኳት። በዚያ ቀን ሰውየው ዐቃቤ ሕግ አልነበረም፤ እኔና ስርጉት የነበረንን ያህል ሥልጣን ነው የነበረው አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ባይፈርም ኖሮ አባቴን እቀብር ነበር? አዎ አልኳት። እንዲህ ያለውን ነገር አለሳልሶ የሚናገር ሰው አለ፤ እኔ አልችልበትም።

«በሉ ይጻፉልኝ» አለች።

ብዕሬን አንሥቼ ሳለ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየው ሞጣንም ደርቧል። በነዚያ አምስት ቀኖች ሞጣ ላይ የፈረመው ይኖር ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። አገሬ ፊቷ ተለወጠ። ጳጉሜ 5 የፈረመውን ታውቀዋለች፤ የሙኒያ ወንድም ጉዳይ ነው።

ሙኒያ ሞጣ ላይ ጨርቅ ትነግዳለች። አገሬ ጤፍ ስትልክላት እሷ ነጠላ ትልካለች፤ እንዲህ ሲሉ ዓመታት ቆይተዋል። ወንድሟ ሙሐመድያሲን በሱቋ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሰማው የሚባል ሰው ሱሪዬን አሳጠርክብኝ ብሎ ተጣላውና ቀኝ እጁን በዱላ መታው። ጣቶቹ ከዚያ ወዲያ አይጨበጡም። አሁን መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ሌላው ሲሰፋ «ወደ ግራ» ይላል። ሰማው ታስሯል፤ ችሎቱ አንዴ መንገድ ሲዘጋ፣ አንዴ ዳኛ ሲጓደል እየተቀጠረ ገና አላለቀም። የጳጉሜ ፊርማ ከወደቀ የሰማውም ክስ አብሮ ይወድቃል።

አገሬ ያን ቀን ሳታስጽፍ ሄደች። በማግሥቱ ሞጣ ወረደች። የተባባሉትን ስትመለስ ነገረችኝ።

ሙኒያ ለደንበኛ ጨርቅ እየቆረጠች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ደንበኛው ሲሄድ መቀሱን አስቀምጣ፦

«ፈቃድ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው፣ ልትሰናበቺኝ?»

አገሬ እኔም አላወቅሁም አለቻት። በረንዳው ላይ ሙሐመድያሲን ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሁለቱም ጀርባውን አዩ።

«ያንቺ ጠላት እንዲወድቅ የኔ ጠላት መነሣት የለበትም» አለች ሙኒያ። «ትንሽ ጠብቂኝ። ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ይጽፍልሻል።»

የከፋለ ሁለተኛው ስድስት ወር የሚያልቀው የካቲት 30 ነው። ከዚያ በፊት የሰማውን ክስ እንደገና ከፈረመ ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ ግን እሱም እንደኛ ነው። ስለዚህ አገሬ ጠበቀች። መጠበቅ ስል ቁጭ ብላ ነበር ማለቴ ነው። በየቀኑ የኔ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፣ ቆሎ ትይዛለች፣ አትበላም። ከፋለ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ሲያልፍ ተነሥታ እጅ ትነሣዋለች። አንድ ቀን በቅቶኛል፣ የሰማው ነገር የራሱ ጉዳይ ነው፣ ይጻፉልኝ አለችኝ። ጻፍኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ እስከ ፍርድ ቤቱ በር ሄደች። በሩ ላይ ቆመች፤ ጠባቂው ግቢ አላት። ቀኝ እጇን ወደ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አጥፋ ዘርጋ፣ አጥፋ ዘርጋ ስታደርግ አየኋት። ተመልሳ መጥታ ወረቀቱን ለስርጉት ሰጠቻት። በማግሥቱ አንዲት ሴትዮ ቆሎ ይዛበት አየሁ።

የካቲት ሲጋመስ ከፋለ ሞጣ ሄደ። ሙኒያ ቢሮው ገባች። የሰማው ጠበቃ ቀን እየቆጠረ ነው ብላ ነገረችው። እውነት ይቆጥር ነበር ወይ ብዬ ኋላ ስጠይቃት፣ ቀን የማይቆጥር ጠበቃ አይቼ አላውቅም ነው ያለችኝ። ከፋለ መዝገቡን አወጣና ጳጉሜ 5 የሚለውን ሁለቴ አነበበ። የሰማው መዝገብ የሚኮራበት መዝገቡ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ይጠቅሰዋል፤ ስሙም ለቋሚ ሹመት ሄዷል። ወዲያው የተሻሻለ ክስ መጻፍ ጀመረ። ምክንያቱን የሚጽፍበት መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ምን ብል ይሻላል ብሎ ጮክ ብሎ አሰበ።

ሙኒያም «እውነቱን ይጻፉ እንጂ፤ ለዳኛ ከእውነት የሚሻል ምን አለ» አለችው።

እውነቱን ጻፈ። «ቀድሞ የቀረበው ክስ የውክልና ሥልጣኔ ተቋርጦ በነበረበት በጳጉሜ ወር የተፈረመ በመሆኑ» ብሎ ጻፈ፤ ጭራውን ቆልምሞ ሁለቱን ነጥብ ጣለ። የሞጣው ችሎት ተቀበለው፤ ሰማው ባለበት ቀረ። ሙኒያ የተጎጂ እህት ናትና ግልባጭ ወሰደች። ግልባጩን በአንድ ክንድ ጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ በአውቶቡስ ላከችልን። ከፋለ ሞጣ ላይ የጻፈውን ቢቸና የሚያነብ ያለ አልመሰለውም። በመካከል ደብረ ወርቅ አለች እንጂ ባሕር የለም።

በመጋቢት ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ ፍርዱ እንዲሰረዝ ለይግባኝ ሰሚው ችሎት፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው፣ ዐቃቤ ሕግ ለሚሾመውና ለሚሽረው ጉባኤ።

ችሎቱ በሰኔ ተሰየመ። ከፋለ መልስ እንዲሰጥ ተጠርቶ ቆመ። አገሬን አላስታወሳትም ነበር፤ ስሟን ሲሰማ መዝገቡን ማገላበጡን አየሁ። እሷም አየችው። ጳጉሜ በአሠራር ራሷን የቻለች ወር እንዳልሆነች፣ የነሐሴ ቅጥያ እንደሆነች፣ ስድስተኛው ወርም እስከ መስከረም ዋዜማ እንደሚዘልቅ በሰፊው አስረዳ። ደመወዝ እንኳ እንደሌላት ጠቀሰ። አዳራሹ ውስጥ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛዋ አገሬን የምትዪው አለሽ ወይ አሏት።

«ጳጉሜን ታስሬባታለሁ» አለች አገሬ። «ቅጥያ ናት ብሎ በር የከፈተልኝ የለም።»

ከዚያ ዳኛዋ ከመዝገቡ ውስጥ የሞጣውን ግልባጭ አወጡና ይህ ፊርማ የማን ነው ብለው ጠየቁ። ከፋለ ቀረብ ብሎ አየ። ብዙ ሳያይ ሁለቱን ነጥብ አወቃቸው።

ፍርዱ ተሰረዘ። አገሬ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች፤ ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ፍርዱ ሲሰረዝ አራት ወሩ አልተመለሰ፣ ቀብሩ አልተመለሰ። እኔም የማመልከቻ ነገር ከዚህ አያልፍም ብዬ ነበር።

ነሐሴ ላይ ስርጉት ቆሎ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ጉባኤው ለከፋለ የጻፈው ነበር፤ ማሽኑ ግራ ጠርዙን በልቶታል፣ የቀረው ይነበባል። ቋሚ ሹመቱ ቀርቷል፣ ከእንግዲህም በውክልና አይመደብም። ቅሬታ ካለው ደብዳቤው ከደረሰው ከነሐሴ 3 ማግሥት ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ ቢቸና መዝገብ ቤት ራሱ ቀርቦ ፈርሞ ያስገባ። ከዚያ ካለፈ ያለቀ ነገር ነው።

በጣቴ ቆጠርኩ። ሁለተኛ ጊዜም ቆጠርኩ። ከዚያ አገሬ ቤት ድረስ በእግሬ ሄጄ ነገርኳት፤ መጨረሻው ቀን ጳጉሜ 3 ነው። ይህን መንገሬ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም፤ ራሴንም ቢሆን።

አገሬ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ካህናቱ ሄደች። የአባቷን ሙት ዓመት ልታወጣ ነው። ካህናቱ የሞቱት ጳጉሜ 2 ነው፣ በዚያ ቀን ይሁን አሏት። አይሆንም፣ በተቀበሩበት በሦስት ነው አለች። ነገሯን ሰምተው የነበሩት ሽማግሌው ቄስ፣ ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሏት።

«ጸሎቱን ለእናንተ ሰጠሁ አባቴ» አለች። «እኔ የያዝኩት ቂሙን ብቻ ነው።»

ቄሱም በሦስት ይሁን አሉ።

የመዝገብ ቤቱ ሹም ባንተአምላክ የአገሬ የግድግዳ ጎረቤት ነው። እሱን አሳላፊ አደረገችው። አሳላፊ ማለት ጠላውን የሚያድል፣ ጎደለ ሞላ የሚል፣ የመጨረሻው እንግዳ እስኪጠጣ ከዳሱ ንቅንቅ የማይል ሰው ነው። በሙት ዓመት ይህን ክብር ሰጥተውት እምቢ ያለ ሰው ቢቸና ላይ አልተወለደም። ባንተአምላክ በዚያ ቀን ከምሳ በኋላ ፈቃድ ወስዶ፣ መዝገብ ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ሽንጡን በነጠላ አስሮ መጣ።

ከፋለ ቅሬታውን አጽፎ የጨረሰው ቀደም ብሎ ነበር። ሞጣ ላይ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠብቅ ነበርና እስከ መጨረሻው ቀን ቆየ። ጳጉሜ 3 ጠዋት ተሳፈረ፤ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈነዳ። ቢቸና ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። መዝገብ ቤቱ ዝግ ነው፤ ባንተአምላክ የት ነው ሲል ሙት ዓመት አሉት፤ የማን ሲል ማንም አልነገረው። ዳሱን በባጃጅ ደረሰበት።

ገባ። ዳሱ ውስጥ መቶ ሰው ይሆናል። ሁሉም ቀና አለ፣ ሁሉም ዐወቀው። ሙት ዓመት ቤት የገባ ሰው ነፍስ ይማር ሳይል፣ ሳይቀመጥ፣ ሳይቀምስ ጉዳይ አይናገርም፤ ይህን ዐቃቤ ሕግም ያውቃል። ነፍስ ይማር አለ። ሙኒያ ከሞጣ ከነወንድሟ መጥታ ነበር፤ ለእነሱ የራሳቸው ሰው ያረደው በግ ለብቻ ተሠርቷል። ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን ያዘችና የከፋለን እጅ አስታጠበችው። ረጋ ብላ ነው የምታስታጥበው። ሙሐመድያሲን በማይጨበጠው እጁ ፎጣውን አንጠልጥሎ አቀበለው።

አገሬ ራሷ እንጀራ አቀረበችለት። ይብሉ አለችው። በላ። ይጨምሩ አለችው። ጨመረ። ጠላ መጣ። ባንተአምላክ በአጠገቡ ሲያልፍ እጅጌውን ያዝ አድርጎ ጆሮው ላይ ነገረው። ባንተአምላክ እሺ ጌታዬ፣ አሁን፣ እነዚህን ልጨርስ አለውና ማዶ ወዳሉት ዞረ። ማዶ ያሉት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም በዚያ ቀን ጥማቸው በረታ። እኔም ሁለት ጊዜ አስቀዳሁ፤ አብዝቼ አልጠጣም።

አሥር ሰዓት ሆነ። ከዚያ አሥራ አንድ። ቄሶቹ ገና ጸሎቱን አላሳረጉም። ከፋለ ፕላስቲክ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን አየ፤ ደግሞ አየ። የሥራ ሰዓት የሚያበቃበት አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ብድግ አለ። አገሬ ፊቱ ቆመች።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ አቶ ከፋለ?»

ዙሪያውን አየ። «ጳጉሜ ሦስት» አለ።

«ትቆጠራለች ለካ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ይቀመጡ። ወረቀቱ ያለ እርስዎም ይቀበራል።»

ከፋለ አልተቀመጠም። ግን ርቆም አልሄደም፤ መውጫው ላይ ዝናቡ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ነው፤ ሕፃን ዐዋቂው ከዳሱ እየወጣ ራሱን ሰጠው። እሱ ፋይሉ እንዳይርስበት ከጎረቤቱ ጣሪያ ሥር ተጠግቶ ቆመ።

ያን ጊዜ አገሬ ከዳሱ መካከል «አባቴ» አለች። አንዴ አለች፤ ሁለተኛዋ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ሙት ዓመት ላይ እንዲህ አይለቀስም፤ ሴቶቹ ለትንሽ ጊዜ ግራ ተጋቡ። ከዚያ የገባቸው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተነሡ፤ አልቃሿ ደረቷን ያዘች፣ የእድሩ ሰውዬም ጥሩምባውን ሊያመጣ ሮጠ። ዓመት ያደረው ለቅሶ ተጀመረ።

ዝናቡ እስኪመሽ አልቆመም። ከፋለ ከጣሪያው ሥር እንደ ቆመ ሁሉንም ሰማ።